ተረኛው

ማክሰኞ

እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው ይጥፋ? የመንደሩ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ተቀምጦ፣ «ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ማንን እንምረጥ?» ስል መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ አንዱ አያ ሙጬን ጠቆመ። አያ ሙጬ ጋቢውን ሰብስቦ ተነስቶ ሄደ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

ተኩሱ ጋብ ካለ ከርሟል። ትምህርት ቤቱ ግን እንደተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ትምህርት ቢሮው ኮሚቴ ሳይቋቋም አይከፈትም ይላል። ሰዉ ደግሞ ስሙ እንዳይጠራ ይፈራል። ያኔ በተኩሱ ጊዜ መጀመሪያ የተፈለጉት እነማን ነበሩ? የተመረጡት፣ እጅ ያወጡት፣ ያጨበጨቡት። አንዱ ታጣቂ ሲመጣ «የነዚያ ሰው ነህ»፣ ሌላው ሲመጣ «የነዚህ ሰው ነህ»። ይገባኛል። ቢገባኝም አንጀቴ አርሯል።

ረቡዕ

ወረታ ከተማ፣ ትምህርት ቢሮ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሰባት ሰው፣ በምርጫ፣ እጅ በማውጣት። ካልሆነ ልጆቹ እዚህ መጥተው ይማሩ።» ክረምት ላይ ውሃው መንገዱን እንደሚውጠው ያውቃል? ያውቃል። ርእሰ መምህርት ነኝ፤ የምመራው ግን የተቆለፈ በር ነው።

ስመለስ የአያ ሙጬን ልጅ ትርንጎን አገኘኋት፤ ነዶ ተሸክማ ወደ አውድማው ትሄዳለች። ስምንተኛ ክፍል ልትገባ ነበር ሲዘጋ። «መምህርት፣ አባባ ለጥር ቃል ሰጥቷል» አለችኝ። ልትዳር ነው። ይህን ብላ ደግሞ ሳቀች። ሳቋ ከሁሉ ባሰብኝ።

አባቷ ሩዙን እየወቃ ነበር። ተቆጣሁ። እሱም ተቆጣ። «ትምህርት ቤቱ ቢከፈት እኔ መች ጠላሁ? ተቤት ተቀምጣ ታርጅ?»

«ኮሚቴ ግባና ይከፈት!»

«ተዪኝ እስቲ። ጎመን በጤና።»

ሐሙስ

ቤት ለቤት ዞርኩ።

አንዱ፦ ወገቡን ያመዋል። ትናንት ሙሉ ቀን ሲያጭድ አይቼዋለሁ።

አንዷ፦ ባሏ አገር ውስጥ የለም። ጓዳ ሆኖ ያስላል።

አንዱ፦ «ሌላው ከገባ እገባለሁ።» ሌላውም ይህንኑ አለኝ።

መምሬ አዳሙን ከቅዳሴ በኋላ እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው። «ተናግሬ አይቸዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰዉ መስማቱንስ ይሰማል። እጁ ነው የፈራ።»

ዓርብ

ምንም። ሩዝ ስለቅም ዋልኩ። ወረታ ወርጄ ሱቅ ብከፍት ምን ይለኛል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር ሚካኤል

የሚካኤል ማኅበራችን ቀን ነበር። የእናቴን ቦታ ከተካሁ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ፊቴን አጥቁሬ ነው የሄድኩት።

ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሊያበቃ ሲል መምሬ ጽዋውን አንስተው «ተረኛ?» አሉ። አያ ሙጬ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። የሚቀጥለው ወር ድግስ የሱ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ በሬው ሞቶበታል፣ እኩሌታውን ሩዝ ጎርፍ ወስዶበታል። ግን አልችልም አላለም። እኛ ዘንድ ጽዋ ደርሶት አልችልም የሚል የለም።

ከአፌ አመለጠኝ። «አያ ሙጬ፣ ማክሰኞ ለልጆች ሲሉህ ጥለህ ሄድህ፤ ይሄን ግን ጎንበስ ብለህ ትቀበላለህ!»

እናቴ ብትኖር በቁንጥጫ ትገድለኝ ነበር።

«ያ ምርጫ ነው፣ መምህርት» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «ይሄ ተራ ነው። ተራ የደረሰውን ሰው ማን ምን ይለዋል?»

«እንግዲያው ትምህርት ቤቱም በተራ ይሁን!»

መምሬ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ጽዋው የሚካኤል ነው። ለቢሮ ጉዳይ አይሆንም።»

«ጽዋውን አልነካም፣ አባቴ። ተራውን ብቻ ያበድሩኝ።»

ብዙ ተባለ። ጠላው ሁለቴ ተቀዳ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ጽዋውን የያዘ ሰው ወሩን ትምህርት ቤቱንም ይይዛል፣ ማኅበርተኛው ያግዘዋል። እጅ ያወጣ የለም። የተመረጠም የለም።

አያ ሙጬ ያን ጊዜ ነቃ። «እንዴ! መጀመሪያው እኔ ልሆን?» ብሎ ጽዋውን አየ። ጽዋ ደግሞ አይመለስም። ሰዉ ሳቀ። እኔም ስንት ጊዜዬ ከሳቅኩ።

እሑድ

ለቢሮው ሰው ደወልኩ። «ሰብሳቢ በየወሩ አይቀያየርም፤ እንዲህ ያለ አሠራር የለም።» ሰንበት መሆኑን ረስቼ ጮህኩበት። የእናንተ አሠራር ያልከፈተውን በር ሌላ አሠራር ቢከፍተው ምን ቸገረህ? በመጨረሻ፣ «የሰባት ሰው ስም ላኪ። ለጊዜው ክፈቱ፤ መምህር ግን አሁን የለኝም» አለ። ለጊዜው! እሱንም አገኘን። የሰባት ማኅበርተኛ ስም ላክሁ፤ ተመራጭ ሳይሆን ተረኛ ብዬ።

ሰኞ

አያ ሙጬ በጠዋት መጥቶ ቁልፉን ተቀበለኝ። በሩን ከፈተ። ከዛፉ የተንጠለጠለውን ቸርኬ፣ ደወላችንን፣ በብረት መታው። ማንም አልመጣም። ደግሞ መታ።

አንዲት ጎረቤት ከአጥሯ ብቅ ብላ፣ «አያ ሙጬ፣ የሰው ልጅ ትጠራለህ፤ ያንተይቱስ የት አለች?» አለችው።

ብረቱን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና፣ ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ። ልክ እንደ ማክሰኞው። በቃ፣ አለቀ ብዬ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬም መጣ።

ሲመለስ ትርንጎ ከኋላው ነበረች። የዱሮ ደብተሯን ይዛለች። እሷ ስትገባ ከየአጥሩ ሌሎችም መምጣት ጀመሩ። ወንበር አልበቃም፤ ግማሹ መሬት ተቀመጠ። ለሁሉም ክፍል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ድምፄ ተዘግቷል።

ማታ ላይ ሲቆልፍ፣ «የጥር ሠርጉስ ነገር?» አልኩት።

«ተራዬ ላይ እያለሁ ልጄን ተትምህርት ቤት አላስቀርም» አለ። «ተራዬ ሲያልቅ እንጃ።»

ተራው በታኅሣሥ ሚካኤል ያልቃል። ሠርጉ ከዚያ በኋላ፣ በቀጣዩ ሰው ተራ ነው። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። እራቴን እየበላሁ ግን ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ ከእሱ እጅ ጽዋውን የሚቀበለው ማን ነው? ጥር ላይ ደወሉን መትቶ ትርንጎን የሚጠራትስ?

እኔ ነኝ።