ባዶ የቀረው የታዛቢ ወንበር

«ቀጠሮው መተላለፉ ስለተነገረን ታዛቢያችንን አልላክንም፤ እናዝናለን።» ኤምባሲው የላከልኝ መልእክት ቃል በቃል ይኸው ነው።

ልጄ፣ ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወዳጅ ይሰውርሽ። ታናሽሽ ፈተናውን አልፏል፤ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። እናትሽ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እስር ቤት ናት።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ አልተላለፈም። እናትሽ እስረኞች ተደበደቡ ብላ በመጻፏ ከተከሰሰች ወዲህ፣ የኤምባሲው ታዛቢ ችሎቱ ውስጥ ፊት ለፊት በተቀመጠ ቁጥር ዳኛው «እርስዎ» እያሉ ነበር የሚያናግሯት። ማክሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ዳኛው በሩን ደጋግመው አዩና «አንቺ፣ ተነሺ» ብለው ዋስትናዋን ሰረዙ።

ታዲያ ለኤምባሲው ማን ደወለ? የታዛቢውን ስልክ ቁጥር የምናውቀው እኔ፣ እናትሽና አንቺ ነን። ያ «ጉዳዩን አስተባብራለሁ» ያለው ወዳጅሽ ባለፈው ወር ቤት መጥቶ ነበር። ስለ ክሱ አንድም ነገር ሳይጠይቅ፣ ታዛቢው በየትኛው በር እንደሚገባ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

እስር ቤት ልጠይቃት ሄጄ ይህን ለእናትሽ ስነግራት ሳቀች። «አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ። ልጅቷን አታስጨንቃት» አለችኝ።

«ጥላዬ ስልክ አይደውልም» አልኳት።

ኤምባሲው ለቀጣዩ ቀጠሮ ሌላ ሰው መድቧል። ማንነቱን ለአንቺም አልነግርሽም። ይህን ለገዛ ልጄ መጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽ አክስትሽ ወሩ በገባ በአስራ አምስት ትመለሳለች። የታዛቢውን ቁጥር ለማን እንደሰጠሽ በእጅሽ ጽፈሽ በእሷ ላኪልኝ፤ በስልክ እንዳትነግሪኝ። ሰጥተሽውም ቢሆን ልጄ ነሽ፣ ምርቃቴንም አልነሳሽም። ከአስራ አምስት ግን እንዳያልፍ።

አባትሽ