በአባቴ ፍትሐት ላይ የተጠራው ስሜ

ለምወድዎ አባዬ፣

ከተለዩን ትናንት ሰማንያ ቀን ሞላዎት። እማዬ ደህና ናት። ጎረቤታችን ሐጂ ከጁምዓ መልስ ሳይጠይቋት አያልፉም። ስንት ክረምት ነገ ዛሬ ሲሉት የነበረው ጣሪያም ተጠገነ፤ ምነው በሕይወት ሳሉ ባደረግነው!

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ዙሪያ ጥምጥም እንደማይወዱ አውቃለሁ። አባዬ፣ በድዬዎታለሁ።

በቀብርዎ ቀን ፍትሐቱን የመራው ከሌላ ደብር የመጣ ወጣት ቄስ ነበር። አገሩ ሁሉ መምሬ እያለ ስለሚጠራዎት የክርስትና ስምዎን አያውቅም፤ ጠጋ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔም ቄስ ስሜን ሲጠይቀኝ እንደለመደብኝ ወልደ ሚካኤል አልኩት። የራሴን ስም!

የተናገርኩትን ያወቅሁት ጸሎቱ ተጀምሮ ስሜ ሲጠራ ነው። ሬሳው የእርስዎ፣ ስሙ የእኔ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዞር ስል ግን በአንድ በኩል የኮሌጅ ጓደኞቼ፣ በሌላ በኩል ዲግሪ ለቤተ ክርስቲያን ምን ያደርጋል የሚሉት ደብተራዎች ቆመዋል። ያን ሁሉ ዓመት ነገረ መለኮት ተምሮ የአባቱን ስም ሳተ እንዳይሉኝ ፈራሁና ዝም አልኩ። በሠልስቱም በአርባውም ያው ስም ተጠራ፤ ያኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ደህና አልሰነበትኩም። በርበሬ በረንዳ ሳልፍ ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ እኔን ምንም አይነካኝም፤ አንዷ የንስሐ ልጅዎ ትክ ብላ አየችኝና አማተበች። መሳለሚያ የሚቀመጠው ዓይነ ስውር የኔ ቢጤ፣ ያ ሰውን በኮቴው የሚለየው፣ እኔ በፊቱ ሳልፍ ዝም ይላል፤ ጥቂት ራቅ ስል ግን መምሬ እግዜር ይስጥልኝ እያለ እርስዎን ሲመርቅ እሰማለሁ። ዘወር ስል አጠገቡ ማንም የለም። ዳዊትዎን ከእኔ በቀር የሚነካው የለም፤ በሰኞው መዝሙር ላይ ለምልክት የተውኩትን ክር በማግስቱ የማክሰኞው ላይ አገኘዋለሁ። አልፈራሁዎትም ብል ውሸቴን ነው።

ከጃንሆይ እጅ የተቀበልኩትን ዲግሪ ይዤ የመጣሁ ዕለት ትዝ ይልዎታል? በሁለት እጅዎ ተቀብለው ተሳለሙት። ከዚያ ደስታዎን ለወዳጅ ላካፍል ብለው ከመሳለሚያ እስከ ሶማሌ ተራ ይዘውኝ ዞሩ። ነጋዴውንም ተሸካሚውንም መስቀል ሲያሳልሙ በየጆሮው የክርስትና ስሙን ይጠሩለት ነበር፤ ማን ልጅ እንደታመመበት፣ ማን ከሚስቱ እንደተጣላ ሲጠይቁ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የያን ሁሉ ሰው ስም በቃልዎ ይዘው ነበር። እኔ ሰልችቶኝ እግሬን ስቀያይር ነበር። ያም ትምህርት መሆኑ አልገባኝም።

ዲግሪው ጥፋት የለበትም፣ አባዬ። የአበውን ክርክርና የጉባኤያቱን ታሪክ ያወቅሁት በሱ ነው፤ ዛሬም የማስተምረው በሱ ነው። እኔ ነኝ የክብሬ መደበቂያ ያደረግሁት።

ትናንት በሰማንያው ጸሎቱ ሳይጀመር ወጥቼ መሐል ቆምኩ። ካህናቱና የኮሌጁ ሰዎች ባሉበት ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ማንም አልሳቀም። ወዳጅዎ መሪጌታ ብቻ ጠጋ ብለው፣ ስህተቱን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደሰሙ፣ የእኔ ስም በተጠራ ቁጥር እሳቸው በልባቸው ገብረ ሕይወት ሲሉ እንደቆዩ ነገሩኝ። ለካ ይህን ሁሉ ቀን የጠበቁት እኔ እስክናገር ነው። ስምዎን ራሴ እንድጠራ አዘዙኝ። እኔም ጠራሁት።

ለእኔ የተደረገው ፍትሐትስ ምን ይሁን ብዬ ጠየቅኋቸው። እስኪፈለግ ይቀመጥልህ አሉኝ። ቀልዳቸው ይሁን ምራቸው እስካሁን አላወቅሁም።

ከእንግዲህ የንስሐ ልጆችዎን እየዞርኩ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ፤ ስማቸውንም በቃሌ እይዛለሁ። እርስዎን ደግሞ ሙታን በሚታሰቡበት ቅዳሴ ሁሉ ገብረ ሕይወት ብዬ ሳላስብ አልወጣም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም እላለሁ ብለው አይስጉ፤ ፍትሐቱ የተደረገለት ሰው ከእንግዲህ ማንን ያፍራል?

ልጅዎ
ወልደ ሚካኤል