ጀርባውን ስለሰጠን ሰሌዳ

ለተከበሩ የተራራ ብስክሌት መንገዶች ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከድንጋይ ካባው በላይ ስላለው መታጠፊያ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይ ደግሞ የትከሻ አጥንትዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ይህንን የምለው ለወጉ ያህል ብቻ ሳይሆን፣ በእኛ ሰፈር የትከሻ አጥንት ጤንነት ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሥራ ጋር እየተያያዘ ስለመጣ ነው። የዚህ ዓምድ አንባቢዎች እንደሚያውቁኝ፣ ማን ከማን ተኮራረፈ፣ የማን አጥር ወደ ማን ግቢ ገባ እያልኩ በሰላም የምኖር ሴት ነኝ፤ ለባለሥልጣን ደብዳቤ ጽፌም አላውቅም። ነገር ግን ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እሑድ ጠዋት እርስዎ ባዘጋጁት ውድድር መቶ ሃያ ብስክሌተኞች ያንን ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ከእነሱም አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። የሰፈሩን ኩርፊያ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ብዕሬን ወደ እርስዎ ማዞሬን በትዕግሥት እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። ያ ኮረብታ ሣርና ነፋስ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ከላይ ከስልክ ማማው ተነሥቶ፣ በሜዳማው ሣር ላይ እየተጠማዘዘ፣ ሦስት ጉብታ ተሻግሮ እስከ ሰፈራችን ጫፍ የሚወርድ መንገድ አለን። ቅዳሜና እሑድ ወጣቶቹ ብስክሌታቸውን በጭነት መኪና ወደ ላይ ያስወጡና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጭቃ ለብሰው፣ ጥርሳቸው ብቻ እያበራ ከታች ይደርሳሉ። የደስታቸው ምንጭ እርስዎ ነዎት። ቅሬታዎቼም ከዚሁ ደስታ ላይ የተለቀሙ ጥቂት ጠጠሮች ናቸው።

፩ኛ. ሰሌዳዎቹን የተከሉት ሠራተኞችዎ ትጉ መሆናቸውን እመሰክራለሁ። መኪናው ከታች፣ እኛ በር ላይ አውርዷቸው ስለተመለሰ፣ ሰሌዳቸውን ተሸክመው ያንን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ወጡት። እየወጡም፣ ለሚወጣ ሰው ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ ተከሉ። ይህንን ያወቅሁት በስለላ አይደለም፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ራሱ ለጎረቤታችን ለብስክሌት ጠጋኙ ለጋሽ ፔዳል «እኛማ በሄድንበት በኩል ነው የተከልነው፤ ታዲያ በየት በኩል እንሂድ?» ብሎ በቅንነት አጫውቷቸዋል። ችግሩ እንግዲህ መንገዱ መውረጃ ብቻ መሆኑ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ መመሪያ መሠረት በዚያ መንገድ ሽቅብ መሄድ ክልክል ነው። ስለዚህ «አደገኛ መታጠፊያ፣ ፍጥነት ይቀንሱ» የሚለውን ያንን ውብ ጽሑፍ ሕግ ሳይጥስ ማንበብ የሚችል ፍጡር በዚህ ዓለም የለም። ከላይ ለሚመጣው የሚታየው ግራጫ ቆርቆሮና ሁለት ብሎን ነው።

በሌላ ቦታ ቢሆን ዝም እል ነበር። ነገር ግን እዚያ መታጠፊያ ላይ መንገዱ በድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው የሚያገኘው የድንጋይ ካባውን አፋፍ ነው። ጥልቀቱ አራት ሰው ቢደራረብ የማይሞላው ነው። ትናንት ከእህቴ ጋር ከላይ ወደ ታች በእግራችን ወርደን አየነው፤ ሣሩ ረጅም ስለሆነ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ሲቀር እንኳን መታጠፊያ መኖሩ አይታወቅም። ጋሽ ፔዳል እንደሚሉት በብስክሌት ፍጥነት ይህ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። እኔ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መነጽሬን እንኳን ፈልጌ አላገኝም።

፪ኛ. የእህቴ ልጅ በዝናቡ ወቅት ማብቂያ ላይ እዚያው ቦታ ወደቀች። ፍሬኗን በመጨረሻዋ ቅጽበት ይዛ ከሰሌዳው ምሰሶ ጋር ተላተመች። ትከሻዋን የሰበራት የእርስዎ ምሰሶ ነው፤ ካባው ውስጥ እንዳትገባ ያስቀራትም እሱው ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳው ምንም አልሠራም ብዬ አላማውም።

እህቴ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ተመላለሰች። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለቻት፤ በሁለተኛው ቀን አሁን ወጡ አለቻት፤ በሦስተኛው ቀን ማህተም ያረፈበት መልስ ሰጠቻት። «በተደረገው የመስክ ምልከታ ሰሌዳው በቦታው መኖሩና በግልጽ የሚነበብ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ፎቶግራፍም ተያይዟል። ፎቶው የተነሣው ከታች ወደ ላይ ነው፤ እውነትም ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። እህቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «አንቺ፣ እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ሲወጡ ነው እንዴ የሚኖሩት? አይወርዱም?» አለችኝ። እኔም በጽሕፈት ቤት ሥራ ከወጡ በኋላ መውረድ ያልተለመደ መሆኑን አስረዳኋት።

፫ኛ. ጋሽ ፔዳል ከማንም ጋር የማይጣሉ፣ ከሰው ይልቅ ከቸርኬ ጋር ማውራት የሚመርጡ ሽማግሌ ናቸው። መልሱን ሲሰሙ የብሎን መፍቻቸውን ይዘው ወጡና ሰሌዳውን ወደ ላይ አዞሩት። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀባቸውም። በሦስተኛው ቀን ሠራተኞችዎ መጥተው ወደ ቀድሞው ፊቱ መለሱት፤ እንዳይንቀሳቀስም እግሩን በሲሚንቶ ሞሉት። ለዓመታት ስንለምን አንድ ጉድጓድ ያልደፈነልን ሲሚንቶ በመጨረሻ እንዲህ ባለ ቁም ነገር ላይ መዋሉን በማየታችን ተጽናንተናል። የተሰጠን ምክንያትም አሳማኝ ነበር፤ ሰሌዳው በዚያ አቅጣጫ በካርታ ላይ ስለተመዘገበ፣ ማዞር የሚቻለው ኮሚቴ ሲወስን ነው፤ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ከውድድሩ በኋላ ነው።

፬ኛ. ከዚያ በኋላ ጋሽ ፔዳል ሰሌዳውን ትተው ሦስት አሮጌ ጎማ ቀይ ቀለም ቀቡና ከመታጠፊያው ሃምሳ እርምጃ ከፍ ብለው በተርታ አቆሙ። ላለፉት አምስት ሳምንታት እዚያ የወደቀ ሰው የለም። ማክሰኞ ዕለት ግን «ሕገወጥ ቁስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና መጥቶ ጎማዎቹን ጭኖ ሄደ። እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ነበር። ጋሽ ፔዳል መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ቆመው አዩና የሱቃቸውን በር ዘግተው ገቡ። በቀን በር ሲዘጉ አይቻቸው አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ትከሻዋ ገና ከመዳኑ ልጅቱን ለምን አትከለክሏትም ይሉኝ ይሆናል። እናቷ ለምናታለች፣ እኔም ተቆጥቻታለሁ፤ እኔ ስቆጣ ደግሞ ሰፈሩ ይሰማል። የሰጠችን መልስ ይህ ነው፦ «እቴቴ፣ እኔ እኮ መታጠፊያውን አውቀዋለሁ። ከሌላ ከተማ ለሚመጡት ነው የምፈራው፤ እነሱ ያንን ቆርቆሮ ሲያዩ ምን ይመስላቸዋል ብለሽ ነው?» ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ የምፈራው ለአንዷ ነበር፣ አሁን ለመቶ ሃያ ሆነ።

በመሆኑም የጽሕፈት ቤትዎን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በመንገዱ ላይ «ማንኛውንም ቁስ፣ ጽሑፍ፣ ቀለም ወይም ገመድ» ማስቀመጥ ይከለክላል። ስለ አክስት ግን ምንም አይልም። ስለዚህ እሑድ፣ ውድድሩ ሁለት ሰዓት ላይ ከመጀመሩ በፊት፣ እህቴ፣ እኔ፣ የጋሽ ፔዳል ባለቤት፣ የማዕዘኗ ልብስ ሰፊና አርባ ዓመት ሙሉ ድምፅ ማጉያ ሳትፈልግ ያስተማረችው ጡረተኛዋ መምህርት ከመታጠፊያው በላይ ሃምሳ እርምጃ ላይ እንቆማለን። ሁላችንም ያለንን ደማቅ ልብስ እንለብሳለን። ብስክሌተኛው ብቅ ሲል «ወደ ግራ፣ ያዝ ፍሬኑን» እያልን እንጮኻለን፤ መቶ ሃያኛው እስኪያልፍም ከዚያ ንቅንቅ አንልም። ሠራተኞችዎ ሊያነሱን ቢመጡ፣ መምህርቷ ከመካከላቸው ሁለቱን ፊደል ያስቆጠረች መሆኗን ከወዲሁ ላሳውቅ እወዳለሁ። በእርግጥ እስከ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ መጥቶ ያንን ሰሌዳ ወደሚወርደው ሰው ቢያዞረው፣ እኛም አርፈን ቤታችን እንቀመጣለን፤ ለጉልበታችንም ይሻለዋል።

የተከበረ ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ወደፊትም ስለሚሰበሰበው ኮሚቴ፣ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ፎቶግራፉ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በወንበርዎ ላይ ሳሉ ከመውደቅ ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የሰፈሩ ወሬ አቀባይና የአንዲት ብስክሌተኛ አክስት

ግልባጭ፦
– ለውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ
– ለሆስፒታሉ የአጥንት ሕክምና ክፍል (እሑድ ተረኛ ለሚሆኑት)

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጎማዎቹን ጭኖ የሄደው የጽሕፈት ቤትዎ ሾፌር ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግሩ ተመለሰ። የጋሽ ፔዳልን በር አንኳኩቶ፣ የእሱም ልጅ እሑድ እንደምትወዳደር፣ ቁጥሯ አርባ ሰባት እንደሆነ ነገራቸውና «አደራ፣ የሚያያት ሰው ይኑር» ብሎ ሄደ። ስሙን እንዳልጽፍ በጋሽ ፔዳል በኩል ስለለመነኝ አልጻፍኩም። አርባ ሰባት ቁጥርን መዝግበናል። እርስዎም የሚወዳደር ልጅ ካለዎት፣ ቁጥሩን ከእሑድ በፊት ቢልኩልን ለእሱም እንጮኻለን።