ወደ ዲራ የሚያስገባው መታጠፊያ

የተከበርሽ ኑኑ፣

ከኋላ ወንበር ሳልነሳ ንስሐ እገባለሁ፦ ካርታ አንባቢ ተደርጌ ሳለ አባቴን እያወቅሁ አሳስቼዋለሁ።

ሰባቱን ኤምሬቶች በተውሶ መኪና ዞረን፣ አሁን ከአጅማን በሻርጃ በኩል ሆቴላችን ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ዲራ እየገባን ነው። ሆቴላችን ጋ ስንደርስ አባዬ መኪናውን መልሶ ሥራ ይገባል፤ እኔና እማዬ ነገ ወደ ሐዋሳ እንበራለን። ከዚያ እንደገና ሁለት ዓመት በስልክ! ስለዚህ መታጠፊያው ሲመጣ «ቀጥታ ነው» እላለሁ።

የሚገርምሽ፣ አምስት ዓመት በዚህ መንገድ ዕቃ ያመላለሰ ሹፌር እሺ ብሎኝ ያልፈዋል። ሁለቴ ዞረን መጣን። ሐዋሳ ቢሆን መስኮት ዝቅ አድርጎ ባጃጅ ነጂ ይጠይቅ ነበር፤ እዚህ ዝቅ ሲያደርግ የገባው ትኩስ ነፋስ ብቻ ነው። «ዋላሂ ጠፋን!» ይላል፣ ደስ ብሎት። እማዬ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰዋለች። ድሮ ቸርች ውስጥ እንኳ እኔን መሃል አስገብተው የሚቀመጡ ሰዎች፣ በዚህ ዕድሜያቸው! አፍሬ በመስኮት አያለሁ። ግን ኑኑዬ፣ እንዲህ እንደሆኑ ቤት ይዣቸው ብገባ ምን ነበረበት?

ፖስት ካርዱ ሞላ። ትንሿን ማሚቴን ሳሚልኝ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ የኬሚስትሪ ደብተሬንም እንዳትጥዪው። ናፍቃችሁኛል፤ ብቻ ዛሬ ለመምጣት አልቸኮ

«ኤልሻዳይ!» እማዬ ናት። «መታጠፊያው ደረሰ እኮ! ቀጥታ በይው እንጂ፣ ምን ያስጽፍሻል?»