«መጣሁ» ብላ የሄደችው

መጋቢት 2፣ ሰኞ

የሦስተኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ንጣፍ ዛሬ አለቀ። ጥጉ ላይ አንዲት ሴራሚክ ጠማማ ሆና አስቸገረችኝ፤ ነቅዬ እንደገና ለጠፍኋት። ከሰዓት በኋላ አለቃችን ጠራኝ። ምን አጠፋሁ?

ያጠፋሁት የለም። ድርጅቱ በሌላ አገር ሆቴል ስለሚሠራ ንጣፍ ለጣፊ ይፈልጋል፤ ቅዳሜ ትበራለህ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ካልተገኘሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። አውሮፕላኑ በቀጥታ አይሄድም። አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ወርጄ፣ ሌላ አውሮፕላን ስጠብቅ ልውል ነው።

የከተማዋን ስም ሲጠራ ደግሞ እንዲነግረኝ ለመንሁት። እታለም ያለችበት ናት።

መጋቢት 3

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እታለም ታላቅ እኅቴ ናት። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ ጣቴን ይዛ አፈር ላይ ፊደል ያስጻፈችኝ እርሷ ናት። አራተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ ለሥራ ባሕር ማዶ ሄደች። ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ «መጣሁ» አለችኝ። ሰው ሱቅ ደርሶ ሊመለስ ሲል እንደሚለው። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ሲመሽ እናቴ ጎትታ አስገባችኝ። በማግሥቱም ተቀመጥሁ...

ይኸው ጢም አወጣሁ። እርሷ አልመጣችም። እናቴ በስልክ «መቼ ነው?» ስትላት ወሬ ትቀይራለች። አሁንማ እናቴም መጠየቁን ትታዋለች። እኔ ልጠይቃት? ዐይን ለዐይን እየተያዩ ይቻላል?

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ደወልሁላት። በደስታ ጮኸች። የምትሠራው መራመድ የማይችሉ አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። ቅዳሜ ዕረፍት የላትም። ሆኖም አሮጊቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ባሕሩ ዳር ልታናፍሳቸው ትችላለች። ለመርከብ መብራት ከሚያበራው ማማ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ እንገናኝ፣ ስትመጣ መልእክት ላክልኝ አለችኝ።

ለሎጋው ነገርሁት። አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ነው፤ ድንክ ስለሆነ ነው ሎጋው የምንለው። በአውሮፕላን ብዙ ሄዷል። ከአየር ማረፊያ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም ብሎ አስፈራራኝ። «ባሕር አያለሁ ስትል ሥራህን ባሕር እንዳይበላው» አለኝ። አለቃችን ግን ፖሊሱ ማህተም ከመታልህ ትወጣለህ፣ ትገባለህ ይላል። ማንን ልመን?

መጋቢት 6

ሸሚዜን ተኮስሁ። አልወደድሁትምና ደግሜ ተኮስሁ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

የእታለም ከተማ አየር ማረፊያ ነኝ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ኢንተርኔት እዚህ ውስጥ በነፃ ነው፤ ደጅ ከወጣሁ ግን ስልኬ አይሠራም አሉኝ። ስለዚህ ሰልፉ ላይ ሳለሁ ለእታለም «መጣሁ» ብዬ ላክሁላት።

ፖሊሱ ፊቴንና ፎቶዬን እያፈራረቀ አየ። ማህተሙን መታው። ስመለስ ታስገቡኛላችሁ? ብዬ በእጅ ምልክት ጠየቅሁት። ሳቀ። ሳቁ ምን ማለት ይሆን?

ያው ቀን፣ ባሕሩ ዳር

ባሕር እንዲህ ይጮኻል እንዴ? ጣቴን ነክሬ ቀመስሁ። እውነትም ጨው ነው። አግዳሚውን አገኘሁት። እታለም የለችም።

አሁንም የለችም። የሚገፋ ነገር ባየሁ ቁጥር እነሣለሁ። አንዱ የሕፃን ጋሪ ሆነ፣ ሌላው የአይስክሬም ሻጭ። «እታለም!» ብዬ የጠራኋት ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ሸሸችኝ።

ሐሳቧን ለውጣ ይሆን? ልጠይቃት ያሰብሁትን ጠርጥራ?... የአየር ማረፊያው አውቶቡስ መጣ። ይለፈኝ። ሌላም መጣ። ይኸም ይለፈኝ... ከዚህ በላይ ከቆየሁ ሥራዬን አጣለሁ። ዛሬም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ ማለት ነው።

መጋቢት 8፣ እሑድ

የትናንቱን ቀሪ አልጻፍሁም ነበር። አሁን አዲሱ ሥፍራ ደርሼ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ።

ከአውቶቡስ ስወርድ፣ አየር ማረፊያው በር ላይ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው አይስክሬም ይበላሉ። ከኋላቸው የቆመች ወፈር ያለች ሴት የገባውን የወጣውን ሁሉ ፊት ትመረምራለች። አላወቅኋትም። ያወቀችኝ እርሷ ናት።

«ሁለመናህ አድጎ ጆሮህ ብቻ ቀርቷል» አለችኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ለካ መልእክቴን እንዳየች «መጣሁ ካለ አግዳሚው ጋ ደርሷል» ብላ አሮጊቷን በቤት ጫማቸው እየገፋች ሮጣለች። እኔ ገና ሰልፍ ላይ ነበርሁ። ጠብቃ ስታጣኝ ፖሊስ ከልክሎት ነው ብላ በታክሲ ወደ አየር ማረፊያው መጣች። መንገድ ላይ ተላለፍን። አሮጊቷም ቤት እንሂድ ሲባሉ እምቢ ብለው አውሮፕላን ሲያዩ ዋሉ።

«ገና ሳትነሣ መጣሁ ትላለህ?» ብላ ተቆጣችኝ።

«ሊነሡ ሲሉ አይደለም እንዴ መጣሁ የሚባለው፣ እታለም? አንቺስ በሩ ላይ መጣሁ ብለሽኝ አልነበር የሄድሽው?»

የአሮጊቷን አፍ በመሐረብ ጠረገች። ከጠራም በኋላ ጠረገችው።

«ጠበቅኸኝ?»

«ድንጋዩ ላይ።»

አሮጊቷ በቋንቋቸው ምን እንደሆንን ጠየቁ፤ እታለም ነገረቻቸው። የቀረውን አይስክሬም ዘረጉልኝ። ብበላ ማፈሬ፣ ባልበላ መቀየማቸው... በላሁት።

እታለም መምጣት ፈርታ እንደኖረች ነገረችኝ። የምታውቀው ሰው አልቋል፣ ልጆቹ አድገዋል፤ ማን ብላ ትገባለች? «እማዬ እንኳ መቼ ነው ማለቱን ትታለች» አለችኝ።

«የተወችውማ አንቺ ወሬ ስለምትቀይሪ ነው።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ? ዐይኗን እያየሁ?

ሰዓቱ አልቆ ነበር። መግቢያው ላይ «በይ እንግዲህ...» ብዬ ጀመርሁና ቃሉ ጠፋኝ። ሄድሁ ልበላት? ቀደመችኝ።

«መጣሁ» አለችኝ። የምሄደው እኔ ሆኜ ሳለ።

ፖሊሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ አሳለፈኝ።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

የሆቴሉን መግቢያ ወለል ጀመርን። ማታ ቤት ደወልሁ። ያነሡት ጎረቤታችን ናቸው። እታለም ለእናቴ ደውላ፣ ፈቃድ አግኝታ ክረምት ሲወጣ እንደምትመጣ ነግራታለች። ስልኩን ስትዘጋ ግን «መጣሁ፣ እማዬ» ብላታለች።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ላይ ወጥታ እስኪመሽ ትቀመጣለች አሉኝ ጎረቤታችን። «ገና ወራት አለ በላት እንጂ፣ አንተን ትሰማ ይሆናል» ብለው ስልኩን ወስደው ሰጧት።

«እማዬ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። የሆነ ነገር አንጥፊበት» አልኋት።

ሌላ አልጨመርሁም።