ሰው ወድቆ የቆመ ማሽን

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። አባትሽ ወገቡ ተሽሎት ጎረቤት መዞር ጀምሯል።

እኛ ፋብሪካ ግን የሽመና ማሽኖቹ ላይ መሥራት መቆማቸውን የሚከታተል ሴንሰር ተገጠመ። ማሽን ሲቆም አለቃችን ቢሮ ያለው ስክሪን ቀይ ይበራል፤ ስለዚህ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ዞር ማለት ቀረ። ባለፈው አጠገቤ የምትሠራው ጓደኛዬ ራሷን ስታ ወደቀች። ስክሪኑን ፈርቼ አመነታሁ፤ ከዚያ ማሽኔን አጥፍቼ ደገፍኳት። አለቃችን እየሮጠ መጥቶ «ለምን አቆምሽ?» አለኝ።

«ሰው ወድቆ ነዋ።»

«እሱን ስክሪኑ አያውቅም። ከውጤትሽ ይቀነሳል።»

እሷስ ተሽሏታል። እኔ ሥራውን ልተወው ብል በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ዋጥ አድርጌ ማሽኔን መልሼ አስነሳሁ።

አንቺም እዚያ መሥሪያ ቤትሽ የምትሠሪው እንዲህ ያለውን ሴንሰርና ስክሪን ነው። ምሳሽን አትዝለይ። ደግሞ እባክሽ፣ ሠራተኛው ለምን እንዳቆመ የሚናገርበት ነገር ጨምሪበት። እጅሽ ይባረክ፤ ጠባቂ መልአክሽ አይለይሽ።

እናትሽ