ለእጅህ የፈተልኩት ክር

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ክረምቱ በርትቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ስልኬን ስለማታነሳ ጽፌ በሹፌሩ በሃሩን እጅ ልኬልሃለሁ።

የእማን ክፍል ለባዕድ አከራየሽ ብለህ ካኮረፍክ ሁለት ዓመት ሞላህ። እነዚህ ህንዶች እኔንም አማርረውኛል። መምህሩ ዝምተኛ ነው፤ ያስቸገረችኝ ሚስቱ ሱኒታ ናት። በገዛ ቤቴ ጫማዬን ካላወለቅኩ ማድቤት አታስገባኝም! አማቷ በየጠዋቱ ከህንድ በስልክ ብቅ እያለች ምስሩ ቀጠነ፣ ጨው በዛ ትላለች። ጨውን በስልክ እንዴት እንዳየችው እንጃ። ይህችም ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ እሺ እሺ ነው። ልጆቿ ፈተና ባላቸው ቁጥር ለምርቃት ጎንበስ ብለው እግሬን ነክተው ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ ዘልያለሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይዤላት ብገባ አለቀሰች፤ ለካ በዘራቸው ሥጋ ነክተው አያውቁም። ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ናት ብዬ ሳዝንላት፣ ዓርብ ዕለት ወተቷን ስትጠጣ አገኘኋት።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ደግሞ በዓላቸው ነበር። እህት በወንድሟ እጅ ላይ ክር ታስራለች፣ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቃታል። ማተብ አንገት ላይ ነው እንጂ ብላት ሳቀችብኝ። ወንድሟን ካየችው ስድስት ዓመቷ ነው። በፖስታ የላከችለትን ክር አስሮ በስልክ ሲያሳያት ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ዞር ብላ፣ አንቺስ ወንድም የለሽም ወይ አለችኝ። ተናድጄ የለኝም አልኳት። ታዲያ እኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ፎቶው ከእናትሽ ጋር ያለው ማነው ብላ አፋጠጠችኝ።

ለምን እንዳከራየሁት አንድ ቀን አልጠየቅከኝም። እማ ካረፈች ወዲህ በግድግዳው ማዶ የሚያስል ሰው ስለጠፋ ነው።

ጳጉሜን 3 ደሴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ትንሽ ነገር ነው የሚያወጡልኝ። የሚፈርም የሥጋ ዘመድ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ሱኒታ፣ አብሽሪ፣ እኔ እፈርማለሁ ትላለች፤ ቃሉን ከገበያ ለምዳው ነው። ቅዳሜ የለኝም ያልኩት ወንድም ግን ስሙ ከሐምሌ ጀምሮ በፈራሚነት ካርዴ ላይ አለ።

ክሩን ከወረቀቱ ጋር አጥፌዋለሁ። እማ ከተወችው ጥጥ ራሴ ፈትዬው፣ ሱኒታ ቀይ ነከረችው። እያኮረፍክም ቢሆን እሰረው። ውሃ ሲነካው እንዳይፈታ ጠበቅ አድርገው።

የእማ ምርቃት ከደጅህ አይራቅ። ልጆችህን እመብርሃን ታሳድግልህ።

ያኮረፍካት እህትህ